የግል የአፈር ግድብን ለክረምት ማዘጋጀት፦ ከፍተሻ እስከ አደጋ ቀን

ይህ መመሪያ በይዞታቸው ላይ አነስተኛ የአፈር ግድብ ላላቸውና የተጠራቀመውን ውሃ ለጀልባ፣ ለዓሣና ለእንግዶች መዝናኛ ለሚጠቀሙ ነው። የሎጅ ባለቤት ልትሆኑ ትችላላችሁ። የእርሻ ቦታ ገዝታችሁ ግድቡ አብሮ የመጣላችሁም ልትሆኑ ትችላላችሁ።

በየክረምቱ የሚሠሩት ስህተቶች ይመሳሰላሉ። ከዝናቡ በፊት ጀልባው ቀለም ይቀባል፣ መናፈሻው ይስተካከላል፣ ግድቡን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሐምሌ ላይ ግድቡ ሥር ውሃ ሲታይ ጭቃ ተጭኖ ይደፈናል። ዓሣ እንዳያመልጥ ተብሎ የትርፍ ውሃ መውጫው ላይ መረብ ይወጠራል። ውሃው ከፍ እንዲል ተብሎ መውጫው ላይ ድንጋይ ይደረደራል። እነዚህ ሁሉ ግድብ ያፈርሳሉ።

የአፈር ግድብ በአብዛኛው የሚፈርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ውሃ አናቱን ተሻግሮ ሲፈስ ነው። ሌላው ውሃ በውስጡ ሰርጎ አፈሩን እየሸረሸረ ሲያወጣ ነው። ጊዜና ገንዘብ ካጠራችሁ ሌላው ሁሉ ይቆይ። ማስተንፈሻውንና የግድቡን እግር አስቀድሙ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ቃላቱን እንስማማባቸው። *አናት* የግድቡ ጫፍ፣ ሰው የሚሄድበት ነው። *የውሃው ገጽ* ወደ ኩሬው ያለው ተዳፋት ነው። *ጀርባ* ደረቁ ተዳፋት ነው። *እግር* ጀርባው ከተፈጥሮ መሬት ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው። *ማስተንፈሻ* ትርፍ ጎርፍ በጎን የሚወጣበት ቦይ ነው።

ጊዜ። ከባድ ጥገና ከጥር እስከ መጋቢት ይሠራ። ውሃው ዝቅ ይላል፣ አፈሩም ለመጠቅጠቅ ይመቻል። ሙሉ ፍተሻ ግንቦት መጀመሪያ ላይ አድርጉ። በልግ በሚዘንብበት አካባቢ ከሆናችሁ ሁሉንም ከበልጉ በፊት ጨርሱ። ረግረግ ባለ አፈር ላይ የተሠራ ጥገና በመጀመሪያው ጎርፍ ይሄዳል።

ዕቃ። ሜትር፣ ችካል፣ ቀለም፣ ረጅም ዱላ፣ ቦቲ ጫማ፣ 10 ሊትር ባልዲ፣ ሁለት ሦስት ባዶ ሃይላንድ፣ ግንበኞች ከፍታ የሚያስተካክሉበት ግልጽ የላስቲክ ቱቦ፣ ደብተር። ፎቶ በሞባይል ይበቃል።

ሰው። ሁለት ሁኑ። ውሃ ዳር ብቻችሁን አትሥሩ።

## 1. የውሃውን ከፍታ መለኪያ ትከሉ

ኩሬው ውስጥ ከዳር የሚታይ ጠንካራ ብረት ወይም ኮንክሪት ምሰሶ ትከሉ። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በቀለም አስምሩበት። የማስተንፈሻው ወለል የት እንደሚውል በቀይ ምልክት አድርጉ።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ያለ እሱ ግን የምታዩት ነገር ትርጉም የለውም። ከእግሩ የሚወጣ ውሃ ሲጨምር ኩሬው ስለሞላ ነው ወይስ ግድቡ እየታመመ ነው? የሚመልሰው ይህ ምሰሶ ነው። በበጋ በሳምንት አንዴ፣ በክረምት በየቀኑ ጠዋት መዝግቡ።

## 2. አናቱን ፈትሹ

አንዱ ጫፍ ላይ ቁሙና ዝቅ ብላችሁ እስከ ሌላው ጫፍ አይናችሁን ላኩ። አናቱ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት። የተጎነበሰ ወይም የሰመጠ ቦታ ካለ ያስታውቃል።

ከዚያ በላስቲክ ቱቦው ለኩ። በየ10 ሜትሩ ችካል ምቱ፣ ቱቦውን ውሃ ሙሉና የየቦታውን ከፍታ ከማስተንፈሻው ወለል ጋር አነጻጽሩ። ከማስተንፈሻው ወለል እስከ አናቱ ዝቅተኛ ቦታ ድረስ ቢያንስ 1 ሜትር መኖር አለበት። ዋናው ቁጥር ዝቅተኛው ነው፣ አማካዩ አይደለም። ጎርፍ ሲመጣ የሚሻገረው በዚያች በሰመጠች ቦታ ነውና።

ስንጥቅ ካያችሁ አቅጣጫውን ለዩ፦

- በግድቡ ርዝመት የሚሄድ ስንጥቅ ተዳፋቱ ሊንሸራተት እንደሆነ ሊጠቁም ይችላል። ጫፍና ጫፉ ላይ ችካል ምቱ፣ ስፋቱን ለኩ፣ በየሳምንቱ እዩት።
- ግድቡን አቋርጦ ከውሃው ወደ ጀርባው የሚሄድ ስንጥቅ የባሰ ነው። ለውሃ የተከፈተ መንገድ ነው። ጥልቀቱ ከማስተንፈሻው ወለል በታች ከደረሰ ክረምት ሳይገባ መሐንዲስ ጥሩ።
- እንደ መረብ የተበታተነ ጥልቀት የሌለው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የመረሬ አፈር በጋ ላይ ደርቆ የሚያመጣው ነው። ቢሆንም በዱላ ጥልቀቱን ሞክሩ።

ስንጥቅን ከላይ በአፈር አትሸፍኑ። ትደብቁታላችሁ እንጂ አትዘጉትም።

## 3. የውሃውን ገጽ እዩ

ማዕበል የገመጠው ደረጃ የመሰለ ቦታ፣ የተናደ ድንጋይ፣ ከብት ውሃ ለመጠጣት የወረደበት መንገድ ፈልጉ። የድንጋይ ንጣፉ ከተነሳ መልሳችሁ አልብሱት። ከድንጋዩ ሥር ጠጠር ይኑር፣ አለበለዚያ ማዕበሉ በድንጋዩ መሃል አፈሩን ይልሰዋል። ውሃው ውስጥ አዙሪት ወይም ገጹ ላይ ክብ ጉድጓድ ካያችሁ ቀሪውን ትታችሁ ወደ ክፍል 10 ሂዱ።

## 4. ጀርባውንና እግሩን በእግራችሁ ተመላለሱበት

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቀስ እንበል።

ጀርባውን ከመኪና ወይም ከአናቱ ላይ ሆኖ ማየት አይበቃም። እየሄዳችሁና እየተመለሳችሁ፣ መስመር በመስመር፣ በ3 ሜትር ርቀት ልዩነት ውረዱ። እግሩ ጋ ስትደርሱ ከግድቡ ውጪ ያለውን 10 ሜትር ያህል መሬትም ጨምሩ። በበጋ መሃል ሌላው ሣር ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ ለምለም ከሆነ፣ ቄጠማ ከበቀለ፣ ወይም ቦቲያችሁ ሰመጥ ካለ፣ ውሃ እየወጣ ነው።

የአፈር ግድብ ትንሽ ውሃ ማስረጉ የተለመደ ነው። ጥያቄው *ምን ያህል* እና *ምን ይዞ* የሚለው ነው።

ሀ. መጠኑን ለኩ። ውሃው ወደ አንድ ትንሽ ቦይ እንዲሰበሰብ አድርጉና በቱቦ ወደ ባልዲ አስገቡት። በሰዓት ያዙ። 10 ሊትር ባልዲ በ20 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው። በቀን ሲታሰብ 43 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ቀኑን፣ የኩሬውን ከፍታና የሰከንዱን ቁጥር ጻፉ።

ለ. ጥራቱን እዩ። ባዶ ሃይላንድ ሙሉና ቀን ጻፉበት። ወደ ፀሐይ አንሱትና እዩ። ጥርት ያለ ቢመስልም ሳትነቀንቁት መስኮት ላይ አሳድሩት። ጠዋት ጠርሙሱ ሥር ስስ ደለል ካረፈ ውሃው ከግድባችሁ ውስጥ አፈር እያወጣ ነው። ያ ደለል የነበረበት ቦታ አሁን ክፍት ነው። ነገ ብዙ ውሃ ያልፍበታል፣ ብዙ አፈርም ይዞ ይወጣል።

ሐ. ወስኑ።

- ጥርት ያለ፣ መጠኑ የማይለወጥ፦ መለካታችሁን ቀጥሉ።
- ጥርት ያለ፣ ግን የኩሬው ከፍታ ሳይጨምር መጠኑ የጨመረ፦ መሐንዲስ ጥሩ፣ ኩሬውን ዝቅ ማድረግ ጀምሩ።
- የደፈረሰ፦ አደጋ ነው። ክፍል 10።

በጭቃ አትድፈኑት። ውሃው ውስጥ ሆኖ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምርና ከፍ ብሎ በሌላ ቦታ ይወጣል። ትክክለኛው ሥራ ውሃውን ማስወጣት፣ አፈሩን ማስቀረት ነው። የሚረጥበው ቦታ ላይ ንጹሕ ሸካራ አሸዋ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አልብሱ። በላዩ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ ድንጋይ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። አሸዋው አፈር ያለበት ከሆነ እጠቡት።

በተለይ የውሃ ማፍሰሻ ቱቦው ከግድቡ የሚወጣበትን ዙሪያ መርምሩ። በቱቦው *ውስጥ* መውጣት ያለበት ውሃ በቱቦው *ውጪ* ተከትሎት እየወጣ ከሆነ፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም አትናቁት። አፈር ከቱቦ ጎን በደንብ ስለማይጠቀጠቅ ግድብ ከውስጥ መበላት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው።

## 5. ማስተንፈሻውን ነፃ አድርጉ

ማስተንፈሻ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ስለሚታይ ሰው ይረሳዋል። ገለባ ይቆለልበታል፣ መኪና ይቆምበታል፣ አጥር ይሻገርበታል።

1. ከመግቢያው እስከ ውሃው ወንዝ እስከሚገናኝበት ድረስ በእግራችሁ ሂዱ።
2. ዛፍ፣ ቁጥቋጦ፣ ደለል፣ የወደቀ ድንጋይ አንሱ።
3. አጥር፣ ወንፊትና የዓሣ መረብ አውልቁ። ጎርፍ ቅጠልና ግንድ ይዞ ሲመጣ መረቡ በደቂቃዎች ውስጥ ግድግዳ ይሆናል።
4. ወለሉን ከፍ ያደረገ ድንጋይ፣ ከረጢት ወይም ኮንክሪት ካለ አፍርሱ። በ50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደረጋችሁት ማስተንፈሻ ከአናቱ ጋር ያላችሁን ርቀት በ50 ሴንቲ ሜትር ቀንሶታል።
5. መውጫው ላይ ጎርፉ የቆፈረው ጉድጓድ ወደ ግድቡ እየተጠጋ ከሆነ በትልልቅ ድንጋይ ወይም በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) አስቁሙት።

ስለ መረቡ የሚከራከር አይጠፋምና አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1889 አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የፈረሰው የሳውዝ ፎርክ ግድብ የአንድ የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ክበብ የግል ንብረት ነበር። ማስተንፈሻው ላይ የዓሣ ወንፊት ተገጥሞ ነበር። የግድቡ አናት ለሰረገላ መንገድ ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ነበር። የማፍሰሻ ቱቦዎቹም ከተነቀሉ በኋላ አልተተኩም። ከ2,200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዓሣው ቢሄድ ሌላ ይገዛል።

ስፋቱ ይበቃል ወይ? ግምት ለማግኘት ይህን ሥሩ። 5 ሜትር ስፋት ባለው ማስተንፈሻ ላይ ውሃ በ50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሲያልፍ የሚወጣው በሰከንድ 3 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አሁን የሚገባውን አስቡ። ወደ ኩሬው የሚፈስሰው መሬት 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 40 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዝናብ ቢጥልና ግማሹ ቢወርድ፣ በሰከንድ 5.5 ሜትር ኩብ ይመጣል። ከሚወጣው ወደ እጥፍ ሊጠጋ ነው። ቀሪው ኩሬው ውስጥ እየተጠራቀመ ወደ አናቱ ይወጣል። የእናንተም ቁጥር ከዚህ ከተቀራረበ የውሃ መሐንዲስ አምጡና በትክክል ያስሉ። ማስፋት ካስፈለገ በተፈጥሮ መሬት በኩል አስፉ እንጂ የግድቡን አካል አትቁረጡ።

## 6. ማፍሰሻ ቱቦውንና ቫልቩን ሞክሩ

ቫልቭ ካልተነካ ይደርቃል። የአደጋ ቀን አልከፈት ይላል። ስለዚህ ከክረምት በፊት ግሪስ ቀቡት፣ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይፍሰስ፣ መልሳችሁ ዝጉ። ታች ያለ ሰው፣ ልብስ የሚያጥብና ከብት የሚያጠጣ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ።

- እምቢ ካለ፦ ረጅም ብረት ጨምራችሁ አታስገድዱት። ዘንጉ ከተሰበረ የባሰ ነው። ባለሙያ ይፍታው።
- ከተከፈተ በኋላ ካልዘጋ፦ ምናልባት እንጨት ይዞት ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ክፈቱትና ውሃው ይጥረገው፣ ከዚያ ዝጉ።
- ቱቦው መግቢያ ጋ ጠልቆ የሚያጸዳ ሰው አትላኩ። ቫልቩ ክፍት ከሆነ ግፊቱ ሰው ይዞ ያስቀራል። እዚህ ላይ ዋናተኛ ነኝ የሚል ሰው አትስሙ።

ቫልቭ የሌለው ግድብ ካላችሁ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ በአናቱ ላይ አሻግራችሁ በሳይፈን (ውሃ በተሞላ ቱቦ ውሃው ራሱ ተስቦ ወደ ታች እንዲፈስ በማድረግ) የምታወጡበትን ዝግጅት ቀድማችሁ አድርጉ።

በደህና ጊዜ ኩሬውን ስታወርዱ በቀን ከ30 ሴንቲ ሜትር አትብለጡ። ውሃው በፍጥነት ሲወርድ በውሃ የጠገበው ገጽ ድጋፉን ያጣና ይናዳል።

## 7. ጥገናዎች

ዛፍ። ግድብ ላይ ባህር ዛፍ አይተከል፣ ሌላም ዛፍ አይተከል። ሥሩ ሲበሰብስ ቦታውን ለውሃ ይለቃል። ግንዱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ኩሬው ዝቅ ባለበት ጊዜ ከነሥሩ ንቀሉና ጉድጓዱን ጠቅጥቃችሁ ሙሉ። ትልቅ ከሆነ ኩሬው ሞልቶ ሳለ አትንኩት። ከመሐንዲስ ጋር አቅዱና በበጋ አስነሱት። በቦታው ሰርዶ ትከሉ። ሥሩ ይዘረጋል፣ አፈሩንም ይይዛል። ሣሩን አጭር አድርጋችሁ እጨዱ፣ የማይታይ መሬት አይፈተሽም።

የእንስሳት ጉድጓድ። ጃርት፣ ፍልፈልና አዋልዳጌሳ ግድብ ይወዳሉ። አፉን ብቻ አትዝጉ። ጥልቀት ከሌለው እስከ መጨረሻው ቆፍራችሁ ጠቅጥቁ። ጠልቆ ከሄደ 9 እጅ አፈርና 1 እጅ ሲሚንቶ በውሃ አቅጥናችሁ በቱቦ እስኪሞላ አፍስሱ። በማግስቱ ስለሚወርድ ድገሙት።

የሰመጠ አናት መሙላት።

1. ሣሩንና የላይኛውን አፈር ግፈፉ።
2. የተገፈፈውን ቦታ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ጫር ጫር አድርጉና አርጥቡ። ለስላሳ ላይ የተደፋ አፈር አይጣበቅም።
3. ሸክላነት ያለው ቀይ አፈር አምጡ። መረሬን ለአናት አትጠቀሙ፣ በበጋ ይሰነጠቃል።
4. እርጥበቱን በእጃችሁ ሞክሩ። ጨብጣችሁ ስትከፍቱ ቅርጹን ከያዘና እጃችሁን ካላራሰ ልክ ነው። ከተበተነ ውሃ ጨምሩ። ከተጣበቀባችሁ አድርቁት።
5. በ15 ሴንቲ ሜትር ንብርብር ዘርጉና እያንዳንዱን በማሽን ጠቅጥቁ። በእግርና በመኪና ጎማ መርገጥ አይበቃም።
6. ስለሚሰምጥ ከሚፈለገው ከፍታ ትንሽ አስበልጡ። ወደ ውሃው በኩል ትንሽ አዘንብሉት።

ግድቡን *ከነበረበት* ከፍ ማድረግ ግን ጥገና አይደለም፣ አዲስ ግንባታ ነው። በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የውሃ ሥራ ለመገንባት ፈቃድ ያስፈልጋል። በራሳችሁ አትጀምሩት።

## 8. መዝናኛውን ከግድቡ አርቁ

የጀልባ ማቆሚያ ግድቡ ላይ አይሠራ፣ በተፈጥሮ ዳር በኩል ይሁን። ከማስተንፈሻውና ከቱቦው መግቢያ በፊት ባዶ ጀሪካን በገመድ አስራችሁ መስመር ዘርጉ፣ ጀልባም ዋናተኛም አይለፈው። ሞተር ጀልባ ግድቡ አጠገብ ፍጥነቱን ይቀንስ። ፈረስና መኪና አናቱ ላይ አይሂዱ፣ የጎማ ቦይ ውሃ ይይዛል። ጀልባ ላይ የሚወጣ ሁሉ፣ ዋና የሚችልም ቢሆን፣ የሕይወት ጃኬት ይልበስ። ዳር ዳሩን ያለውን አረም እጨዱ፣ ትንኝም የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣም የሚራባው እዚያ ነው።

## 9. ከታች ማን እንዳለ ዕወቁ

ከግድቡ ወርዳችሁ የውሃውን መንገድ ተከትላችሁ ሂዱ። ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ድልድይ፣ ወፍጮ ቤት ጻፉ። የየቤቱን ስልክ ያዙ። ኔትወርክ ከሌለ የሚሮጥ ሰውና የሚነፋ ጥሩንባ ወስኑ። ሰው የሚወጣበትን ከፍ ያለ ቦታ አብራችሁ ምረጡ። ይህን ከቀበሌው ጋር አድርጉት፣ አንድ ቅጂም እነሱ ዘንድ ይቀመጥ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ኬንያ ናኩሩ ውስጥ ሶላይ በሚባል ቦታ አንድ የግል እርሻ የአፈር ግድብ ከከባድ ዝናብ በኋላ በምሽት ተደረመሰ። ከ40 በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሕፃናት፣ ሞቱ። ጎረቤቶቻችሁን ማስፈራት መስሏችሁ ዝም አትበሉ። የማወቅ መብት አላቸው።

## 10. የአደጋ ቀን

ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ውሃውን ማውረድ፣ ከዚያ ግድቡ። ጥርጣሬ ካላችሁም ታች ላሉት ደውሉ። በከንቱ የሸሸ ሰው ነገ ይመለሳል።

ውሃው ወደ አናቱ ሲጠጋ (30 ሴንቲ ሜትር ሲቀር)። ታች ያሉትን አስነሱ። ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። ማስተንፈሻው ላይ የተጠራቀመውን ግንድ ዳር ቆማችሁ በረጅም እንጨት ግፉ፣ ውስጥ አትግቡ። አፈር የሞሉ የማዳበሪያ ከረጢቶች አናቱ ላይ ባለው የሰመጠ ቦታ ደርድሩ። ውሃ ለማስተንፈስ ብላችሁ ግድቡን አትቁረጡ፣ አንዴ ከጀመረ አታቆሙትም። ውሃው አናቱን መሻገር ከጀመረ ዕቃውን ጥላችሁ ሽሹ።

እግሩ ጋ የደፈረሰ ውሃ ሲፈልቅ። ልክ እንደ ሽሮ ይንተከተካል፣ ዙሪያውም ትንሽ የአሸዋ ክብ ይሠራል። ደውሉ። ከዚያ ከረጢቶችን በዙሪያው ክብ አድርጋችሁ ከምሩ። ክቡ ውስጥ ውሃው ከፍ ሲል ግፊቱ ይቀንሳል። ውሃው እስኪጠራ ክቡን ከፍ አድርጉ፣ ሲጠራ አቁሙና በአንድ በኩል እንዲፈስስ ተዉት። አፉን አትድፈኑ። ኩሬውን ማውረድ ቀጥሉ።

ጀርባው ሲንሸራተት። ከባድ መኪናና ማሽን አናቱ ላይ እንዳይወጣ ከልክሉ። እግሩ ላይ ድንጋይ ከምሩ፣ በሥሩ አሸዋና ጠጠር ይቅደም። የተናደውን አፈር ወደ ላይ መልሳችሁ አትጫኑ። ኩሬውን አውርዱ።

ኩሬው ላይ አዙሪት ሲታይ። በግድቡ ውስጥ ቀዳዳ ተከፍቷል ማለት ነው። ለመጠገን የሚበቃ ጊዜ ላይኖራችሁ ይችላል። ሁሉንም ሰው ከታች አስወጡ። ቫልቩ በደህና ቦታ ካለ ብቻ ክፈቱ፣ ከግድቡም ራቁ።

ክረምቱ በሰላም ካለፈ ጥቅምት ላይ ከክፍል 1 እስከ 6 ያለውን እንደገና አድርጉ። የባልዲውን ቁጥር ከግንቦቱ ጋር፣ ኩሬው በተመሳሳይ ከፍታ ላይ በነበረበት ቀን ካለው ጋር አነጻጽሩ። ግንቦት ላይ ከሞላችሁት አንዱን ሃይላንድም ከአዲሱ ጎን አቁሙና እዩ። ልዩነት ካለ ለመሐንዲስ የምትደውሉት በዚያው ሳምንት ይሁን፣ ጥገናውን ለጥር ለማድረስ ጊዜ ያላችሁ ያኔ ነው።